ስለ ኪነ ሕንፃ ለማንበብ ከየት እንጀምር?

ባለፈው ክረምት አምስት ሆነን ወደ ኩሌ ስንወርድ በሻንጣችን ውስጥ ከልብስ ይልቅ መጻሕፍት ይበዙ ነበር። አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ሲጫኑ ረዳቱ «ድንጋይ ነው እንዴ የያዛችሁት?» ብሎ ጠይቆናል። ብዙም አልተሳሳተም። የያዝነው ስለ ድንጋይ የተጻፈ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው በክርክር ነው። ሁላችንም የታሪክ፣ የቋንቋና የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ነን። ከመካከላችን መሐንዲስ የለም፤ እንዲያውም በማስመሪያ እንኳ ቀጥ ያለ መስመር ማስመር የሚያቅተው አለ። ሆኖም በዓመቱ መግቢያ ላይ አንዳችን «ሰው ስለ ሕንፃ ማወቅ ቢፈልግ መጀመሪያ ምን ያንብብ?» የሚል ጥያቄ አነሣ። ግጥም ለሚጀምር፣ ልብ ወለድ ለሚጀምር የምንለው አናጣም። ስለ ሕንፃ ግን ሁላችንም ዝም አልን። ቤት ውስጥ ተወልደን፣ ቤት ውስጥ አድገን፣ ስለ ቤት የምንመክረው አንድ መጽሐፍ መጥፋቱ አሳፈረን።

አንዱ ጓደኛችን ያደገው ኩሌ ነው። በደቡብ ሱዳን በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. ጦርነት ሲነሣ ከእናቱ ጋር ድንበር ተሻግሮ፣ በዚያው ዓመት በጋምቤላ ክልል ኢታንግ አካባቢ በተከፈተው በኩሌ የስደተኞች መጠለያ ሲገባ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር። «መጽሐፉን እዚህ ከምናነብ እኛ ዘንድ ሄደን እናንብበው፤ እዚያ ቤት ሲሠራም ሲፈርስም ይታያል» ያለው እሱ ነው። ይኸው ሄድን።

መጀመሪያ የተከፈተው ከሁሉ የከበደው ሆነ። ባኒስተር ፍሌቸር የሚባሉ አባትና ልጅ (ሁለቱም አንድ ስም ነው ያላቸው) እ.ኤ.አ. በ1896 ያሳተሙት፣ የዓለምን የኪነ ሕንፃ ታሪክ በንጽጽር የሚተርክ መጽሐፍ ነው። በዓለም ዙሪያ ስንትና ስንት የሕንፃ ተማሪ ዓይኑን የገለጠው በዚህ ነው። በቆዩት እትሞች ፊት ላይ አንድ ትልቅ ዛፍ ተሥሏል። ግንዱ ግሪክና ሮማ ነው፤ ከግንዱ ወደ ላይ የአውሮፓ ስልቶች ይወጣሉ፤ ሕንድን፣ ቻይናና ጃፓንን የመሳሰሉት ደግሞ ከታች በኩል ብቅ ብለው የቀሩ፣ ፍሬ ያላፈሩ ቅርንጫፎች ናቸው። ልጁ በኋላ ባዘጋጃቸው እትሞች እነዚህኑ «ታሪካዊ ያልሆኑ ስልቶች» በሚል ክፍል ለብቻ ከትቷቸዋል። አክሱምን ፈለግን፤ ላሊበላን ፈለግን፤ ዛፉ ላይ የሉም። የኩሌው ጓደኛችን ሥዕሉን ትኩር ብሎ ሲያይ ቆይቶ «እኛስ ቅጠሉም ላይ የለን» አለና ሳቀ። እኛ ግን ቶሎ አልሳቅንም።

ታዲያ መጽሐፉ ይጣል? አይጣልም። አንደኛ፣ ዛፉ በኋለኞቹ እትሞች ቀርቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2020 በመሪ ፍሬዘር አዘጋጅነት የወጣው 21ኛው እትም በሁለት ትልልቅ ጥራዞች እንደ አዲስ የተጻፈ ነው። ሁለተኛ፣ በአሮጌውም እትም ቢሆን ከዛፉ ሥር አንድ የሚበጅ ነገር ተቀብሯል። ፍሌቸር ማንኛውንም ሕንፃ ከማየቱ በፊት ስድስት ነገር ይጠይቃል፦ መልክዓ ምድሩ፣ የመሬቱ ድንጋይና አፈር፣ የአየሩ ጠባይ፣ ሃይማኖቱ፣ ማኅበራዊ ኑሮውና ታሪኩ። ዛፉን ትተን ጥያቄዎቹን ያዝን። ጀማሪ ከዚህ መጽሐፍ እነዚህን ስድስት ጥያቄዎች ብቻ ይዞ ቢወጣ ዋጋውን አግኝቷል ባይ ነን። ስድስቱም በኩሌ ጭቃ ላይ ሲጠየቁ ከምንጠብቀው በላይ ተናገሩ።

የአየሩን ጠባይ እንውሰድ። ጋምቤላ ቆላ ነው። ባሮና ገባሮቹ በክረምት ከአፋቸው ይወጣሉ፤ ሜዳው ውኃ ይተኛበታል። ስለዚህ እዚህ አገር ስለ ቤት ሲታሰብ የመጀመሪያው ጥያቄ ግድግዳ ወይም ጣሪያ ሳይሆን ከፍ ያለ መሬት የት አለ የሚለው ነው። ይህን የተማርነው ከሕንፃ መጽሐፍ አልነበረም። የተማርነው እንግሊዛዊው ኢቫንስ-ፕሪቻርድ እ.ኤ.አ. በ1940 ስለ ኑዌር ሕዝብ ካሳተመው መጽሐፍ ነው። ሰውዬው አንትሮፖሎጂስት ነው እንጂ አርክቴክት አይደለም። ሆኖም ሰው ለምን እዚያ ጉብታ ላይ እንደሚሰፍር፣ ለምን በበጋ ከብቱን ይዞ ወደ ውኃ ዳር እንደሚወርድና ከነፋስ መከለያ ያለፈ ነገር እንደማይሠራ፣ ለምን ክረምት ሲገባ ወደ ጉብታው እንደሚመለስ ከመጽሐፉ መግቢያ ጀምሮ ሲያስረዳ፣ ስለ ሕንፃ ከተጻፉት ብዙዎች የሚበልጥ የሕንፃ ትምህርት ይሰጣል።

ይህ ተራ የመጽሐፍ ዕውቀት አይደለም። በ2006 ዓ.ም. ክረምት በጋምቤላ ሌይቹር ላይ የተከፈተው ሌላው የስደተኞች መጠለያ በጎርፍ ተጥለቅልቆ ሰዎቹ በኋላ ወደ ጀዊ እንዲዛወሩ ተደርጓል። የኩሌ ሰዎች ዛሬም ያንን ክረምት ያነሡታል። ያን ጊዜ ድንኳን ለመትከል ቦታ ሲታይ ያ መጽሐፍ ከታተመ 74 ዓመት አልፎት ነበር። ያገሩ ሽማግሌ ደግሞ መጽሐፍም አያስፈልገው። ስለ ሕንፃ ማንበብ የቅንጦት ነገር የሚመስለው ጓደኛ ካለን ይህችን ነገር እንነግረዋለን።

ኢቫንስ-ፕሪቻርድን ስናነብ ግን አንድ ዓይናችንን ከፍተን ነው። ጥናቱን እንዲያካሂድ የጠየቀው በዚያን ዘመን ሱዳንን ይገዛ የነበረው የእንግሊዝና የግብፅ አስተዳደር ነው፤ ያ አስተዳደር ኑዌርን በጦር ኃይል ለማስገበር ከዘመተ ብዙ ሳይቆይ ነበር ሰውዬው ማስታወሻውን ይዞ የደረሰው። ሰዎቹ ለጥያቄዎቹ ቶሎ አልመለሱለትም ብሎ በመግቢያው ያማርራል። ምን ይጠብቅ ኖሯል?

ከዚያው መጽሐፍ ያገኘነውና እስካሁን የምንነጋገርበት ሌላ ነገር አለ። ኑዌር የከብቱን ትልቅ ክብ ቤት ሉዋክ፣ የሚስትንና የልጆችን ጎጆ ድዊል ይለዋል። በሉዋኩ መካከል የደረቀ እበት ቀስ እያለ ይጨሳል፤ ጭሱ ትንኝ ያባርራል፤ ወንዶቹ እዚያው እሳቱ ዙሪያ ያድራሉ። የትውልድ ሐረግን ለመግለጽ ታዲያ ከሚነገሩት ቃላት አንዱ ቶክ ድዊል፣ ሌላው ቶክ ማች ነው። የመጀመሪያው የጎጆው አፍ፣ ማለት ደጁ ነው። ሁለተኛው ምድጃው ነው። ዘር የሚቆጠረው በደጅና በእሳት ነው ማለት ነው። ይህ ሲነበብ አንዳችን ብድግ ብሎ «እኛስ ቤተ ሰብ አይደል የምንለው! ቤተ እስራኤል፣ ቤተ መንግሥት…» ብሎ ቀጠለ። እውነቱን ነው። አማርኛም ሰውን በቤት ይቆጥራል።

እዚህ ላይ ነው ሮማዊውን ቪትሩቪየስን ያወጣነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1ኛው መቶ ዓመት የጻፋቸው አሥር መጻሕፍት ስለ ሕንፃ ከጥንት ዘመን የተረፉልን ብቸኛው ሙሉ ድርሰት ናቸው። ለጀማሪ አሥሩንም አንመክርም፤ ስለ ዓምድ ልክ የሚያወራበት ክፍል እንቅልፍ ያመጣል። ሁለተኛው መጽሐፍ ምዕራፍ አንድ ግን ለማንም ይነበባል። ሰዎች እንደ አውሬ በየጫካው ሲኖሩ ዛፍ ከዛፍ ተፋትጎ እሳት ተነሣ፤ ሸሹ፤ ኋላ ሙቀቱ ደስ ብሏቸው ተመለሱ፤ እሳቱ ዙሪያ ተሰብስበው መነጋገር ጀመሩ፤ ከዚያ በኋላ ነው ቤት የሠሩት ይላል፤ ከፊሉ በቅጠል፣ ከፊሉ የወፍ ጎጆ አይቶ በጭቃና በጭራሮ። ስለዚህ በቪትሩቪየስም ዘንድ ከቤት በፊት ምድጃ አለ። ጓደኛችን ይህን ወደ ኑዌርኛ እየመለሰ ለጎረቤታቸው አዛውንት ሲያነብላቸው ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁና «ይኼ ሰው ከብት ነበረው?» ብለው ጠየቁ። መልሱን አላወቅንም።

በነገራችን ላይ አውሮፓውያን የመጀመሪያውን ጎጆ በሐሳብ ሲፈልጉ ብዙ ዘመን ቆይተዋል። ሎዢየ የሚባል ፈረንሳዊ ቄስ እ.ኤ.አ. በ1753 ባወጣው ድርሰት ሕንፃ ሁሉ ከአራት ግንድና ከጥቂት አግዳሚ እንደተወለደ ጽፏል። አጭር ስለሆነ ይነበብ። ብቻ እሱ በሐሳብ ያቆመው ጎጆ ጭቃ የሚለቀልቅ ሰው የለበትም።

ኩሌ ያለ ሰው ግን ጭቃ ያውቃል። በመጀመሪያ ላስቲክና ድንኳን ነበር። ኋላ በእንጨትና በቀርከሃ ተማግሮ፣ ጭቃ ተመርጎ፣ ሣር የሚለብሰው ጎጆ መጣ። ልኩ የሚወጣው በረድኤት ድርጅት ሠንጠረዥ ነው፤ ለአንድ ቤተሰብ ይህን ያህል ካሬ ተብሎ። ከተሰጠ በኋላ ግን ሰው የራሱ ያደርገዋል። ደጁ ላይ ዝቅተኛ የጭቃ መድረክ ይጨመራል፤ ማብሰያው ለብቻ ይከለላል፤ ግድግዳው በየዓመቱ እንደገና ይለቀለቃል። የጓደኛችን እናት ሲለቀልቁ አየናቸው። መዳፋቸው በክብ እየዞረ ሲሄድ ግድግዳው ላይ የዓሣ ቅርፊት የሚመስል መስመር ይቀራል። «ለምን እንዲህ ያደርጋሉ?» ብንላቸው «ውኃው እንዲወርድ ነዋ» አሉን፤ እንዴት ይህ ይጠየቃል በሚል ዓይን።

ሣሩና እንጨቱ ከየት ይመጣል የሚለውን ደግሞ ከያዝናቸው መጻሕፍት ብዙዎቹ አይጠይቁትም። እዚህ ግን ዋናው ጉዳይ ነው። የሚቆረጠው ከአካባቢው ነዋሪ መሬት ነው፤ እዚያም ቤቱን በዚያው ሣር የሚከድን ሰው አለ። በዚህ የተነሣ የሚፈጠረው ቅሬታ ቀላል አይደለም። ሴቶች ሣር ፍለጋ ርቀው ሲሄዱ የሚገጥማቸውን አደጋ ጓደኛችን ነግሮን እዚህ እንዳንጽፈው ለምኖናል። አንጽፈውም።

አሁን አንደኛ ወደምንለው መጽሐፍ እንድረስ። ግብፃዊው አርክቴክት ሐሰን ፋቲ እ.ኤ.አ. በ1969 በካይሮ፣ በኋላም በ1973 ቺካጎ ላይ ለድኾች የሚሆን ኪነ ሕንፃ በሚል ስም ያሳተመው ነው። ታሪኩ ይኸውላችሁ። በሉክሶር አጠገብ ጉርና የሚባል መንደር ነበር፤ ሰዎቹ በጥንት መቃብሮች ላይ ነው የሚኖሩት። መንግሥት ለመቃብሮቹ ጥበቃ ሲል ሊያስነሣቸው ወሰነ፤ አዲሱን መንደር እንዲሠራ በ1945 ገደማ ለፋቲ ተሰጠው። ሲሚንቶና ብረት ውድ ነው፤ እንጨትም በግብፅ የለም። ፋቲ በአስዋን አካባቢ ያሉ የኑቢያ ግንበኞች ያለ እንጨት ድጋፍ፣ ጭቃ ጡብ በጡብ ላይ እያስደገፉ ቅስት ጣሪያ እንደሚያወጡ አይቶ ስለነበር እነሱን አመጣ። መስጊዱን፣ ገበያውን፣ ትምህርት ቤቱን፣ ብዙ ቤት ሠራ። ቤቶቹ ዛሬም በፎቶግራፍ ሲታዩ ያምራሉ። ግን ሰዎቹ አልገቡም! መነሣት አልፈለጉም። ሥራው ተቋረጠ።

ይህን መጽሐፍ የምንወደው ደራሲው የራሱን ውድቀት ስለሚተርክ ነው። ስንት ጡብ እንደገባ፣ ለቀን ሠራተኛ ስንት እንደተከፈለ፣ የትኛው ቢሮ ወረቀቱን እንዳጓተተ ሁሉ አለበት። ስለ ሕንፃ የሚጽፍ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ያለቀ ነገር ነው የሚያሳየን። ፋቲ ያላለቀ አሳየን። ከኛ መካከል ግን ክርክር አስነሥቷል። አንዱ «ፋቲ ትክክል ነው፤ ሰዎቹ ጥቅማቸውን አላወቁም» አለ። የኩሌው ጓደኛችን እዚህ ላይ ነው ድምፁን ከፍ ያደረገው፦ «ቤት ሲሰጡህ እሺ ብለህ የምትገባው ሌላ አማራጭ ስታጣ ነው። እኛ ስለገባን ወደድነው ማለት ነው?» ከዚያ በኋላ ያን ምሽት መጽሐፍ አልተነበበም።

ከፋቲ ጋር አብሮ ስሙ የሚጠራውን የበርናርድ ሩዶፍስኪን ሥራ በአጭሩ እንለፈው። እ.ኤ.አ. በ1964 ኒውዮርክ በሚገኘው የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም አርክቴክት ያልነካቸውን ቤቶች በፎቶግራፍ አሳይቶ ካታሎጉን አሳተመ። ሥዕሉ ድንቅ ነው፤ አንድ ከሰዓት በኋላ ያልቃል። ብቻ ከቤቶቹ ውስጥ አንድም ሰው ወጥቶ ሲናገር አይሰማም።

የአገራችንን ጉዳይ የሚሻ አንባቢ ከላሊበላ መጀመሩ አይቀርም፤ ይጀምር። ግን ሦስት መጻሕፍት ጎን ለጎን ዘርግቶ ቢያነብ ይሻላል። አንዱ ገድለ ላሊበላ ነው፤ መላእክት ከሠራተኞቹ ጋር ድንጋይ ሲፈለፍሉ የሚታዩበት። ሁለተኛው የፖርቱጋሉ ቄስ የፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የጉዞ መጽሐፍ ነው። ከ1520 እስከ 1526 እ.ኤ.አ. በአገራችን ቆይቶ፣ በ1540 ሊዝበን ላይ በታተመው መጽሐፉ ውቅር አብያተ ክርስቲያናቱን ከዘረዘረ በኋላ፣ የሚያምነኝ የለም ብሎ ተጨንቆ በእግዚአብሔር ስም ይምላል። ሦስተኛው ዴቪድ ፊሊፕሰን በ2009 እ.ኤ.አ. ስለ ጥንታዊ የኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናት ያሳተመው ነው። እሱ ደግሞ ሁሉም በአንድ ንጉሥ ዘመን የተፈለፈሉ አይደሉም፤ ሥራው ብዙ መቶ ዓመታት ወስዷል ይላል። አንዱ እምነት፣ አንዱ መደነቅ፣ አንዱ ልኬት። ለአክሱም የሚሻለው በኤኖ ሊትማን መሪነት በ1906 እ.ኤ.አ. የተደረገው የጀርመኖች ጥናት ነው፤ በ1913 በርሊን ላይ በአራት ጥራዝ ታትሟል። ጀርመንኛ የማያውቅ ሥዕሎቹን ብቻ ቢያገላብጥም ይጠቀማል፤ እኛም ከዚያ አላለፍንም።

ለአዲስ አበባ ፋሲል ጊዮርጊስና ዴኒስ ዤራር በ2007 እ.ኤ.አ. ያወጡት፣ ከ1886 እስከ 1941 ያለውን የከተማዋን የሕንፃ ቅርስ የሚያሳየው መጽሐፍ አለ። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰዋልና ከእንግዲህ ይህን መጽሐፍ የምናነበው በሌላ ስሜት ነው። ለአሥመራ ነአይግዚ ገብረ መድኅን ከሁለት ሌሎች ጋር በ2003 እ.ኤ.አ. ያዘጋጀው አለ።

ለጋምቤላ ራሷስ? ስለ ሕንፃዋ ብቻ የተጻፈ መጽሐፍ በእጃችን አልገባም። የታሪክ ምሁሩ ባሕሩ ዘውዴ ስለ ጋምቤላ ንግድ በ1987 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ጥናት ግን ከተማ እንዴት እንደሚወለድ ያሳያል። አፄ ምኒልክ በ1902 እ.ኤ.አ. ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል በኢታንግ አጠገብ፣ በባሮ ዳር ርዝመቱ ከ2,000 ሜትር፣ ስፋቱ ከ400 ሄክታር የማይበልጥ የንግድ ቦታ ፈቀዱ። ጣቢያው ጋምቤላ ላይ ተቋቋመ። ውኃው ሲሞላ መርከብ ከካርቱም ይመጣል፤ ጨው ይወርዳል፤ ቡና ይጫናል። ሱዳን በ1956 እ.ኤ.አ. ነፃ ከወጣች በኋላ ቦታው ለኢትዮጵያ ተመለሰ። ከተማን በሄክታር ቆርሶ መስጠት እንግዲህ በዚህ አገር አዲስ ነገር አይደለም። ኩሌም በዚያው በኢታንግ በኩል በሠንጠረዥ ተለክቶ ነው የተሠራው።

ማንም የማይጠብቀው አንድ ምክር ደግሞ አለን፤ መዝገበ ቃላት ይነበብ። የደስታ ተክለ ወልድን የ1962 ዓ.ም. ያማርኛ መዝገበ ቃላት ገልጦ ምሰሶን፣ ማገርን፣ ወራጅን፣ ጉልላትን፣ ሰቀላን፣ እልፍኝን ተራ በተራ የተመለከተ ሰው ቤት በቃላት ሲቆም ያያል። እኛም በኩሌ ይህን ለመኮረጅ ሞከርን። በአንድ ደብተር በግራ አማርኛውን፣ በቀኝ ኑዌርኛውን መጻፍ ጀመርን። ጎጆው ላይ ብዙም አልተቸገርንም። ሉዋኩ ላይ ስንደርስ ጓደኛችን ቆመ። እሱ ባደገበት ሰፈር ከብት የለም፤ ከብት ከሌለ ሉዋክ የለም፤ የክፍሎቹን ስም አያውቅም።

ወደ እኚያ አዛውንት ሄድን። ሽማግሌው ጥያቄውን ሲሰሙ መልስ አልሰጡም። በትራቸውን ይዘው ከጎጆው ጀርባ ወዳለው ባዶ ቦታ ወጡና መሬቱ ላይ አንድ ነጥብ ወጉ፤ ምድጃው ነው። ከዚያ ወደ ውጭ በእርምጃ ቆጠሩ፤ አሥራ አንድ። እየዞሩ ምሰሶ የሚተከልበትን ሁሉ በበትራቸው አመለከቱ፤ እያንዳንዱን ሲጠሩ አንዳችን እንጽፋለን። ክቡ ሲዘጋ የጎረቤት ልብስ የተሰጣበት ገመድ መካከል ገባና ሊያስነሡ ፈለጉ፤ ባለቤቷ ግን አልነበሩም። ስለዚህ ሉዋኩ ሦስት ምሰሶ ጎደለው። ልጆች መጥተው መስመሩ ውስጥ ተቀመጡ። ሽማግሌው «እዚያ አይደለም፤ እዚያ ጥጆቹ ናቸው» ብለው ወደ ምድጃው በኩል አዛወሯቸው።

ደብተሩ አሁን ጓደኛችን ዘንድ ነው። ሃያ ሦስት ቃል አለው። ፋቲን እዚያው ትተንለት መጥተናል።